ሴትዮዋ ያለችበት ቆርቆሮ

ፊደል መቁጠር ሰውን ከብዙ ጉድ ያድናል ሲሉ እሰማለሁ። እኔን ግን በፈረስ አስልሶኛል።

እንዴት እንደሆነ ከማውራቴ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ብዙ የምለውም የለኝ። ዳንግላ እስከ አራተኛ ክፍል ተማርኩና አክስቴ ልጅ ስላልነበራት ቆሰበር እሷ ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ። ዓይነ አፋር ነኝ። ዓይነ አፋር ስል ትንሽ የምትሽኮረመም ማለቴ አይደለም። ገበያ መካከል ሰው ስሜን ቢጠራ፣ ሌላ ሴት የተጠራች ይመስል ዞሬ ወደ ኋላዬ የማይ ነኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ የማውቀውን ጥያቄ ሲጠይቁን እንኳ ጣቴን የማነሣው እስከ አገጬ ድረስ ነበር፤ አስተማሪያችንም አገጬን የማክ ይመስላቸውና ያልፉኝ ነበር።

እንዲህ ያለች ልጅ በሰፈሩ የምትፈለግበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ቆርቆሮ ታነባለች።

ቆሰበር የፊት ቅባትም ሆነ ሳሙና፣ ከሩቅ አገር የመጣ ነገር ሁሉ የሚገዛው ከሼህ እንድሪስ ሱቅ ነው። ሼህ እንድሪስ ደግ ነጋዴ ናቸው። ዕቃውን ከአስመራም ከጎንደርም ያስመጣሉ፤ በላዩ የተጻፈውን ግን እሳቸውም አያውቁትም። ስለዚህ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። «ሴትዮ ያለችበት ለፊት ነው። ላም ያለችበት ለሻይ ነው። አንበሳ ያለበት ለወገብ ነው» ይላሉ። ሕጉ ብዙ ጊዜ ይሠራል። አንድ ጊዜ ብቻ ምንም ሥዕል የሌለበት ቆርቆሮ መጣና ሁለት ወር ሙሉ የሚገዛው ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ገበሬ ለሚንቋቋ በሩ ወሰደው። በሩ መንቋቋቱን ተወ፤ እስከ ዛሬ ግን በተከፈተ ቁጥር ሽቶ ሽቶ ይላል።

ሴቶቹ ቆርቆሮ በገዙ ቁጥር ወደኔ ይመጣሉ። «እስቲ ምን ይላል?» ይሉኛል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ ደግሞ አራተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የሰውዬ ሥዕል ያህል ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ ጣት አካሉ ተጽፎበት ነበር። አላውቅም እንዳልል፣ አላውቅም ለማለትም አፍ መክፈት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቆርቆሮውን አገላብጬ ለረጅም ጊዜ አያለሁ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሴቶቹም ከራሴ አነቃነቅ የፈለጉትን ተረድተው ይሄዳሉ። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ያለ አንድ ስሕተት አነበብኩ።

ሴትዮዋ ያለችበትን ቆርቆሮ ግን የምሬን ነው ያነበብኩት። ክዳኑ ላይ አበባ የምታሸት ሴትዮ አለች። ከሥሯ ከተደረደሩት ቃላት አንዱ፣ ያ የግድግዳው ሰውዬ ፊቱ አጠገብ የነበረው ቃል ነው። «ፌስ።» ልቤ ዘለለ። «ፊት ይላል» አልኳት አክስቴን፣ በድምፅ። አክስቴ ደብሬ ዕለቱን ለሰፈሩ ሁሉ አወራች፤ እኔም ለሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ ውስጥ ሰው አለበት፤ እስካሁን የዞርኩትም ለዚሁ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ጣቴ መግል ይዞ ዳንግላ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ቁስሉን ያጠበልኝ ድሬሰር ቀጭን፣ ቁጥብ ወጣት ነበር። መድኃኒቱን በትንሽ ጠርሙስ ቀዳና ወረቀት ቆርጦ ጻፈበት፤ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ለጠፈው። ከኔ በፊት ለነበሩት በሽተኞች በቃሉ ነበር የነገራቸው። እኔን ግን «ማንበብ ትችያለሽ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «እንግዲያው አንብቢልኝ» አለ። «ለውጭ ብቻ። አይጠጣም። ጠዋትና ማታ» ብዬ አነበብኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ እሱ ግን «ጎበዝ» አለኝ።

ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልተባባልንም። መድኃኒቱ ሲያልቅ አክስቴ ጠርሙሷን ለላምባ ብትጠይቀኝ ተሰበረች አልኳት። አልተሰበረችም።

ታኅሣሥ ላይ የዚያ ድሬሰር እናት ወይዘሮ የሺ ሰው ላኩብን። ልጃቸው፣ ያቺ ጣቷን የታመመች ልጅ ካልሆነች ብሎ ሌላ አላስጠራ ብሏቸዋል። «እንግዲያው በጥር ጊዮርጊስ መጥቼ በዓይኔ ልያት» ብለዋል። አክስቴ «ትፈልጊዋለሽ ወይስ ልመልስልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የቀርከሃውን አጥር አየሁ። አጥሩን ያየሁበትን አስተያየት ግን ታውቀዋለችና፣ በማግስቱ ጠላ ጠመቀች።

የጥር ጊዮርጊስ እኛ አገር የፈረስ ቀን ነው። የአክስቴ ባል አያ ተገኘ ዳማ የሚባል ፈረስ አላቸው። ዳማን ከሰው እኩል አያዩትም፤ አስበልጠው ነው የሚያዩት። እኛን በአማርኛም በአገውኛም ያናግሩናል፣ ዳማን ግን በአገውኛ ብቻ ነው፤ አማርኛ ከሰማ ጠባዩ ይበላሻል ይላሉ። ኮርቻ ጀርባውን ሲልጠው የሚቀቡትን መድኃኒት ራሳቸው ይሠሩታል። የበሬ ሞራ አለበት፣ ድኝ አለበት፣ ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ ለማንም የማይናገሩት ሌላ ነገርም አለበት። መድኃኒቱ ያቃጥላል። ስለዚህ ዳማ ዝም ብሎ እንዲቆምላቸው በቀቡት ቁጥር አንድ ቁራጭ አሞሌ ያስልሱታል። ይህ ፈረስ አራት ዓመት እንዲህ ሲቀባ ኖሮ፣ ያ ሽታ ካለ ጨው አለ ብሎ ያምናል። እናንተ ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ በሰዓቱ ልብ አላልኩትም።

መድኃኒቱ የሚቀመጠው በቀንድ ውስጥ ነበር። በገና ሰሞን ውሻው ቀንዱን ይዞ ጠፋ። አያ ተገኘም ክዳኑ ጥብቅ የሚል ዕቃ ሲፈልጉ አክስቴ የጨረሰችውን የፊት ቅባት ቆርቆሮ አገኙ። ለማንም አልተናገሩም፤ መናገርም ልማዳችን አይደለም። በኛ ቤት ቆርቆሮ አይጣልም። ቅባቱ ሲያልቅ የሻይ ቅጠል ይገባበታል፣ ከሻይ ቅጠል በኋላ ጨው፣ ከጨው በኋላ መርፌና ክር፤ ዝጎ ሲበሳ ደግሞ ለጫጩቶች ውኃ መጠጫ ይሆናል። የላዩን ሥዕል አምኖ እጁን የሚሰድ ሰው ስለሌለ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልተጎዳም ነበር።

አክስቴ ለዚያ ቀን ብላ አዲስ ቆርቆሮ ገዛች። ጠዋት ራሷ ከፍታ ጥቂት ተቀባችና ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው። «ታጠቢና ሣጥኑ ላይ ያለውን ተቀቢ። አብዝተሽ፤ ብርዱ ፊትሽን ጎማ አስመስሎታል» ብላኝ ወይዘሮ የሺን ከአውቶቡስ ልትቀበል ወጣች። አያ ተገኘ ደግሞ ኮርቻ ከመጫናቸው በፊት የዳማን ጀርባ ቀብተው፣ መድኃኒታቸውን እስከ አፉ መልሰው ሞልተው እዚያው ሣጥን ላይ ትተው ወደ ሜዳው ሄደዋል።

ታጥቤ ስመለስ ሣጥኑ ላይ ሁለት ሴትዮዎች አበባ ያሸታሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ። አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ይዤ፣ ከክዳን እስከ ወገባቸው ፊደል በፊደል አመሳከርኳቸው። ምንም ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም ፊት ይላሉ። ከዚያ ከፈትኳቸው። አንዱ ጎደል ብሏል፣ አንዱ እስከ አፉ ሙሉ ነው። የጎደለው አሮጌው፣ ሙሉው አዲሱ መሆን አለበት ብዬ ፈረድኩ። ሙሉው ቢጫ ቢጫ ይላል፤ ውድ ስለሆነ ነው አልኩ። ጉንፋን አፍንጫዬን ከዘጋው ሳምንቱ ነበር። ፊደል የማታውቅ ሴት ብትሆን፣ አፍንጫዋ ተዘግቶም ቢሆን፣ ጎረቤት ጠርታ «እስቲ አሽቺልኝ» ትል ነበር። የክዳኑ ሴትዮ ራሷ እያሸተተች ነው የቆመችው። እኔ ግን አንብቤያለሁ። አብዝቼ ተቀባሁ።

መስተዋቱን ሳላስቀምጥ ወይዘሮ የሺ ከአክስቴ ጋር ገቡ። ረጅም፣ ነጠላቸው እንደ በረዶ የነጣ ሴት ናቸው። «ነይ ሳሚኝ» አሉ። በኛ አገር እንግዳ አንዴ ተስሞ አይተውም፤ ወይዘሮ የሺም ቆጥበው የሚስሙ ሴት አልነበሩም። ጉንጫቸው ጉንጬ ላይ ስድስት ጊዜ ተንሸራተተ። ተንሸራተተ ስል የምሬን ነው።

ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር ደጅ ባለው የቀርከሃ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እሳቸው መካከል፣ እኔ ጫፍ ላይ። ጥቂት እንደቆየን ፊቴ እንደ በርበሬ ይፋጅ ጀመር። ማፈሬ ነው ብዬ ቻልኩት፤ ሳፍር ሁልጊዜም ፊቴ ይግላል። ቀጥሎ እንባዬ ወረደ።

«ምነው ልጄ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ የሺ።

ራሴን ነቀነቅሁ፤ የለም ለማለት ይሁን አዎ ለማለት እኔም አላውቅ።

«ገና ምንም አላልኳትም እኮ» አሉ ወደ አክስቴ ዞረው።

«ዓይነ አፋር ናት፣ እትዬ» አለች አክስቴ።

«እንዲህም ያለ ዓይነ አፋርነት አለ?» አሉና የራሳቸውን ዓይን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። «እኔንም አስለቀሰችኝ። አንጀቴን በላችው ይህች ልጅ።»

ሁለታችንም እያለቀስን ተቀመጥን። አክስቴ ነገሩ ያማረ መስሏት እሷም ልታለቅስ ስትዘጋጅ፣ ሽታው ደረሳት። መጀመሪያ ውሻውን አየችውና አስወጣችው። ቀጥሎ ዶሮዎቹን አባረረች። ቀጥሎ አጎንብሳ አግዳሚው ሥር ተመለከተች። «እንቁላል ተሰብሮ ይሆናል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሥር ስበው «የለም፣ እኔ ምንም አልሸተተኝም» አሉ፤ ድምፃቸው እንደኔው ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። እኔ ምንም ስለማይሸተኝ፣ ከመካከላችን ያ የሚሸተው ሰው ማን ይሆን ብዬ አዘንኩለት።

በዚህ መካከል አያ ተገኘ ዳማን ለእንግዳ ሊያሳዩ ከሜዳው መጡ። ዳማ ተሸልሟል፤ በግንባሩ ላይ ቀይ ጥለት፣ በአንገቱ ላይ ቃጭል። አያ ተገኘ በር ላይ ወርደው፣ ልጓሙን ለቀው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። ዳማ ግን አልቆመም። አፍንጫውን ከፈት አድርጎ ጌታውን አለፈ፤ ጠላ የያዘችውን አክስቴን አለፈ፤ እንደ ጨዋ ልጅ በቀስታ መጥቶ ከአገጬ እስከ ግንባሬ በአንድ ጊዜ ላሰኝ።

የፈረስ ምላስ እርጥብ ጆንያ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። እንግዳ ፊት ፈረስ ላይ መጮህ ነውር መሰለኝ። ዳማ ሁለተኛ ላሰኝ፣ ጨው አጣ፣ አሰበ፣ ከዚያ ወደ ወይዘሮ የሺ ዞረ።

«ኧረ ያዙልኝ» አሉ ወይዘሮ የሺ ወደ ኋላ እየተለጠጡ። «ሂድ ወዲያ። ምን ሆኗል ይሄ ፈረስ? ሂድ እንጂ።»

«ዳማ፣ ተው ብዬሃለሁ፣ ተመለስ» አለች አክስቴ። እሷም በድንጋጤ አማርኛዋ ነው የመጣላት። ዳማ አማርኛ አያውቅም። አያ ተገኘ የሚያውቁትን ሽታ ከማያውቁት ሴት ፊት ላይ ቢያገኙት አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ወይዘሮ የሺ በተለጠጡ ቁጥር ዳማ ይከተላል፣ ቀርከሃው ይንቋቋል። በመጨረሻ አግዳሚው ተሰበረ። እሳቸው ከነክብራቸው መሬት ላይ ዘፍ አሉ፤ ያ እንደ በረዶ የነጣ ነጠላ ግማሹ ዳማ አፍ ውስጥ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው የቆምኩት። ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድምፅ፣ በአገውኛ፣ «ቁም። ጨው የለም። ወደ ኋላ» አልኩት።

ዳማ ቆመ። ነጠላውን ተፋው። ወደ ኋላ ሄደ። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው የነበሩት ጎረቤቶችም ወደ ኋላ ሄዱ። ውሻው በር ላይ ቁጭ አለ።

ወይዘሮ የሺ ከመሬት ቀና አሉ። አንዱ ጉንጫቸው በምላስ ታጥቧል፣ አንዱ ቢጫ ነው። እኔን አዩኝና «ድምፅ አላት እንዴ?» አሉ።

«መድኃኒቴን ማን ነካው?» አሉ አያ ተገኘ።

ሁሉም አንድ ላይ ወደኔ ዞሩ። «አንብቤ ነው» አልኩ። «ፊት ይላል።»

ወይዘሮ የሺ ታጠቡ፤ ጥቂት ቀመሱ፤ ስለ ልጃቸው አንድ ቃል ሳያነሡ የተበላ ነጠላቸውን አጣጥፈው በከሰዓቱ አውቶቡስ ተመለሱ። ፊቴ በበነጋው ቀላ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ድንች ልጣጭ ይላጥ ጀመር። የዳንግላ አውቶቡስ ጡሩንባ በነፋ ቁጥር ወደ በር አይ ነበር። ማንም አይወርድም። ያቺን ጠርሙስ ከደበቅሁበት አውጥቼ «ለውጭ ብቻ» የሚለውን አነብና መልሼ እደብቃታለሁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሙግት ተነሣ።

«ሰው የፈረስ መድኃኒት ሴትዮ ውስጥ ያስቀምጣል?» ትላለች አክስቴ።

«ሴትዮዋ ምንም አላለችኝ» ይላሉ አያ ተገኘ።

በመጨረሻ አክስቴ ሕግ አወጣች፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ወረቀት ያልተለጠፈበት ቆርቆሮ አይቀመጥም። እኔ አሮጌ ደብተሬን ቆርጬ፣ ዱቄት በውኃ አፍልቼ፣ «የፈረስ ነው። ለሰው አይሆንም» ብዬ ለጠፍኩበት። አያ ተገኘ ፊደል ስለማያውቁ «እኔስ በምን ልወቀው?» ብለው ሥዕል ጠየቁ። ፈረስ ሣልኩላቸው። አገላብጠው አዩትና «ይህ ፍየል ነው። ለፍየል አልሠራሁም» ብለው መለሱልኝ። ሁለተኛውን አህያ ነው አሉ። በሦስተኛው ኮርቻ ጨመርኩበት፤ ቅር እያላቸው ተቀበሉ።

ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ሴቶቹ ቆርቆሮአቸውን ይዘው መጡ። አሁን ግን ራስ መነቅነቅ ቀረ። «ውስጡ ምንድን ነው? ማን ጨመረው? መቼ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አላውቅም ካሉኝ «አይታወቅም» ብዬ እጽፍበታለሁ። ሼህ እንድሪስም አስጠሩኝ።

«ለኔም ጻፊልኝ፣ ልጄ» አሉ።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«የፊት ቅባት።»

«ከምን የተሠራ?»

«ከአስመራ።»

እኔም «ከአስመራ የመጣ። ከምን እንደተሠራ ሼህ እንድሪስም አያውቁም። መጀመሪያ ክንድ ላይ በትንሹ ይሞከር» ብዬ ጻፍኩ። ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ሳነብላቸው ጥቂት አሰቡና «እውነት ነው፤ ለጥፊው» አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ የሺ ሳይጠሩ መጡ። ልስማቸው ስጠጋ እጃቸውን አንሥተው አቆሙኝ፤ መጀመሪያ አሸተቱኝ፣ ከዚያ ሳሙኝ። ቤት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ የፈረሱ ነገር አለ?»

አክስቴ ወደ መሬት አየች። እኔም ወደ መሬት አየሁ።

«ጉንጬ ላይ ጭርት ነበረኝ። ሦስት ዓመት ያልሄድኩበት ጸበል የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠፋ። አንገቴ ላይ የቀረች አለችና፣ ትንሽ ስጪኝ፣ ልጄ።»

አያ ተገኘ ከደስታቸው ብዛት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። አክስቴ በዓይኗ ስጪያቸው፣ ቶሎ ስጪያቸው አለችኝ። ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ወረቀቱን አየሁት። የገዛ ጽሑፌ አፍጥጦ አየኝ። እሺ ብል ያ ጠርሙስ ላይ የጻፈው ልጅ የኔ ሊሆን ነው፤ እምቢ ብል አንዴ መሬት ላይ የጣልኳቸውን ሴት ሁለተኛ ልጥላቸው ነው።

«አልሰጥም» አልኩ።

«ምን አልሽኝ?»

«ለሰው አይሆንም ተብሎ ተጽፎበታል።»

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔን አድኖኛል እኮ።»

«እኔን አቃጥሎኛል። ምን ምን እንዳለበት አያ ተገኘ ሙሉውን አይናገሩም። እኔም ሳላውቅ ለእርስዎ አልሰጥም።»

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። አያ ተገኘ ጣራውን ይመረምሩ ጀመር። ወይዘሮ የሺ እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱ።

«ልጄን ይህንኑ መድኃኒት አምጣልኝ ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ምን እንዳለበት ሳላውቅ አልቀባሽም› አለኝ። ቃል በቃል ይኸው ነው ያለኝ። አንድ እምቢተኛ ለቤቴ ይበቃኛል ብዬ ነበር።»

ከመቀነታቸው ቋጠሮ ፈትተው ሥዕል የሌለበት ትንሽ ነጭ ቆርቆሮ አወጡ። ወረቀት ተለጥፎበታል። ጽሑፉን ከሩቅ አወቅሁት።

«ለፊትሽ ብሎ ልኮልሻል። አንብቢው። ጮክ ብለሽ፤ ድምፅ እንዳለሽ አውቄያለሁ።»

አነበብኩ። «ለፊት ብቻ። ጠዋትና ማታ በስሱ። ከመቀባት በፊት ይሸተት። ለፈረስ አይሆንም።»

መጀመሪያ የሳቁት አያ ተገኘ ናቸው። እኔ የታዘዝኩትን አደረግሁ፤ ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። ምንም ክፉ ሽታ የለውም። ያን ቀን ጉንፋን አልነበረኝም።

ከፋሲካ በኋላ ዳንግላ ገባሁ። ቅባቱ ካለቀ ቆይቷል። ወይዘሮ የሺ ቆርቆሮውን ለመርፌ ጠይቀውኝ ነበር፤ ባለቤቴም ለቁልፍ ማስቀመጫ ፈልጎት ነበር። ከሱ ጽሑፍ ሥር ወረቀት ቆርጬ ለጥፌበታለሁ። «ባዶ ነው። ምንም አይገባበትም።»